መጎተት ሌላ፣ መሸከም ሌላ፦ ስለ ፒክአፕና ስለ ካምፐር ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በዴንቨርና በኦሮራ በምንኖር ሐበሾች ዘንድ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ቤተሰብ ይዞ፣ ሁላችንም ካምፐር የምንለውን ተሳቢ ቤት በፒክአፕ እየጎተቱ አሜሪካን መዞር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያስረዳል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ሰው ላከልኝ። ከአራቱ አንዱ አበልጄ ነው፤ «አነበብከው? ቅዳሜ ልፈርም ነው» የሚል መልእክት አክሎበታል። ይህን ምላሽ መጻፍ የጀመርኩት ለእሱ ነበር። እየረዘመ ሲሄድ ግን ያንን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ይህንንም ቢያይ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

የጸሐፊው መነሻ መልካም ነው። ለአምስት ሰው በጁላይ ወር ሁለት የሆቴል ክፍል መያዝ ኪስ ያራቁታል። ልጆቻችን ተራራና ወንዝ እያዩ፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ተረት እየሰሙ ቢያድጉ እኔም ደስ ይለኛል። በየዓመቱ ለኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ከከተማ ከተማ ስንጓዝ ቡናችንን በራሳችን ጀበና እያፈላን መሄድም ትልቅ ነገር ነው። እኔ ራሴ አራት በጋ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ጠቤ ከጉዞው ጋር አይደለም፤ ጽሑፉ ውስጥ ካሉት ቁጥሮችና ምክሮች ጋር ነው። ከምክሮቹ አንዳንዶቹ ሰው ይገድላሉ። ይህን ቃል አስቤበት ነው የምጽፈው።

ማን ሆነህ ነው ለሚለኝ፦ አገር ቤት በኤንትሬ ከነተሳቢው ላይ ረዳት ነበርኩ፤ እዚህ መጥቼ ሲዲኤል፣ ማለትም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አውጥቼ ዘጠኝ ዓመት ባለ 18 ጎማ ነድቻለሁ።

ጸሐፊው የሚጀምሩት ከመጎተት አቅም ነው። «ፒክአፑ 11,000 ፓውንድ ይጎትታል፤ ካምፐሩ 6,200 ፓውንድ ነው፤ ታዲያ ምን ያስፈራል?» ይላሉ። ሁለቱም ቁጥሮች ከማስታወቂያ ወረቀት ላይ የተወሰዱ ናቸው፤ መንገድ ላይ ሁለቱም የሉም።

6,200 ማለት ካምፐሩ ከፋብሪካ ባዶውን ሲወጣ ያለው ክብደት ነው። ውሃ አልተሞላም፣ ምግብ አልገባም፣ ፍራሹ ላይ ብርድ ልብስ የለም፤ ብዙ ጊዜ ባትሪው እንኳ አልተቆጠረም። አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። 40 ጋሎን የሚይዝ ታንክ ሲሞላ ውሃው ብቻ ከ330 ፓውንድ ያልፋል። እኛ በመጀመሪያ የገዛነው ካምፐርም ወረቀቱ ላይ 6,200 ይል ነበር። ድስቱ፣ ምጣዱ፣ የልጆቹ ልብስ፣ ወንበሩና ውሃው ገብቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ 7,300 ሆነ። የተለየ ነገር አልጫንም፤ አንድ ቤተሰብ ለአሥር ቀን የሚያስፈልገውን ነው የያዝነው።

11,000 የሚለውም ዝም ብሎ የተጻፈ ቁጥር አይደለም። ጄ2807 የሚባል፣ ፋብሪካዎቹ የሚጋሩት የመመዘኛ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት ፒክአፑ ተሳቢውን ይዞ በአሪዞና የዴቪስ ዳምን አቀበት፣ 11.4 ማይል ሙሉ፣ በሙቀት፣ ኤሲው ተከፍቶ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ማይል ሳይወርድ መውጣት አለበት። ከባድ ፈተና ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ደንቡ ጋቢናው ውስጥ የሚያስቀምጠው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ 150 ፓውንድ። ከሂቹ ዕቃ፣ ማለትም ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ከሚያያይዘው ብረት፣ በቀር ሌላ ጭነት የለም። ሦስት ልጅ የለም፣ ጄኔሬተር የለም፣ የማገዶ እንጨት የለም።

አሁን የሾፌሩን በር ክፈቱ። በሩ ሲዘጋ የሚሸፈነው ብረት ላይ ነጭና ቢጫ ስቲከር ተለጥፏል። የሰውና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ ቁጥር መብለጥ የለበትም ይላል። ፔይሎድ የሚሉት ይህ ነው። የእኛ ፒክአፕ 1,480 ፓውንድ ይላል። የጎረቤቴ ፒክአፕ ስሙም ሞተሩም ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ የእሱ ግን 1,730 ይላል። የእኛ የመስታወት ጣሪያና በሞተር የሚንቀሳቀስ ወንበር አለው፤ እነዚያም ክብደት ናቸው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያነበባችሁት ቁጥር አይጠቅማችሁም፤ የሚጠቅመው የእናንተው በር ላይ ያለው ነው።

ይህ ከመጎተት ጋር ምን አገናኘው ለሚል፦ ካምፐር ክብደቱን በሙሉ በራሱ ጎማ ላይ አያሳርፍም። ከፊት ያለው ምሰሶው ፒክአፑ ላይ በታሰረው የብረት ኳስ ላይ ይደገፋል። ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በዚያ ኳስ በኩል ፒክአፑ ላይ ይወድቃል። የኳሱ ጭነት ልበለው። ይህን ክብደት ፒክአፑ አይጎትተውም፤ ይሸከመዋል። ስለዚህ ልክ እንደ ልጆቻችሁና እንደ ሻንጣችሁ ከፔይሎዱ ላይ ይቀነሳል።

የእኛን ቤት ሒሳብ ልሥራላችሁ። እኔ፣ ባለቤቴና ሦስቱ ልጆች 560 ፓውንድ። ከኋላ ጄኔሬተርና እንጨት 150። ሂቹ ራሱ 90። ድምሩ 800 ነው። ከ1,480 ላይ ሲነሣ 680 ይቀራል። 7,300 ፓውንድ የሚመዝነው ካምፐራችን በትክክል ሲጫን ኳሱ ላይ የሚያሳርፈው 950 ነው። 270 ፓውንድ አልፈናል። በጸሐፊው ሒሳብ ገና 3,700 ፓውንድ የመጎተት አቅም ይተርፈናል፤ በሩ ላይ ባለው ሒሳብ ግን ከቤት ሳንወጣ አልቆብናል።

የማስታወቂያው 11,000 እና በሩ ላይ ያለው 1,480 እንዴት እንደሚገናኙ ማየት ለሚፈልግ፦ ከ1,480 ላይ ደንቡ ለሁለቱ ሰዎች የሚያስበውን 300፣ ለሂቹ ዕቃ የሚያስበውን 70 ቀንሱ፤ 1,110 ይቀራል። ደንቡ ኳሱ ላይ የሚያስበው 10 በመቶ ነው፤ የ11,000 አሥር በመቶ 1,100 ይሆናል። ማስታወቂያው እውነት የሚሆነው ባልና ሚስት ብቻቸውን፣ ባዶ መኪና ይዘው ሲወጡ ነው። ጽሑፉ ግን የተጻፈው ለቤተሰብ ነው።

ሁለተኛው ምክራቸው ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ነው። ፒክአፑ ከኋላ ዝቅ ብሎ ፊቱ ወደ ላይ ሲያይ «ከባድ ከባዱን ዕቃ ወደ ካምፐሩ ጭራ ውሰዱት፤ መኪናው ቀና ይላል» ይላሉ። አዎ፣ ቀና ይላል። እኔም አድርጌው ቀና ብሎልኛል።

በሁለተኛው በጋችን ወደ የሎውስቶን ስንሄድ ነበር። ካምፐሩን የሸጠልኝ ሰው «ሃፍ ተን ፒክአፕ በደንብ ይጎትተዋል» ብሎኛል (ሃፍ ተን የሚባለው እንደ እኛው ያለው ቀለል ያለ ፒክአፕ ነው)፤ እኔም አምኜዋለሁ። የመኪናው ኋላ መስጠም ግን ዓይኔን አላማረውም። የመሣሪያ ሳጥኑን ከካምፐሩ የኋላ አልጋ ሥር አስገባሁት፤ ሁለት ብስክሌት የኋላ መከላከያው ላይ አሰርኩ፤ ከጎማዎቹ በስተኋላ ያለውን የውሃ ታንክ እስከ አፉ ሞላሁት። ፒክአፑ ቀጥ አለ፤ ደስ አለኝ። ዋዮሚንግ ገብተን በአይ-80 ከላራሚ ወደ ሮሊንስ አመራን። ያ መንገድ በነፋሱ የታወቀ ነው፤ አንዳንድ ቀን ቁመታቸው ረጅም፣ ክብደታቸው ቀላል ለሆኑ ተሽከርካሪዎች ጨርሶ ይዘጋል። በሰዓት 70 ማይል እየሄድን፣ ትንሽ ቁልቁለት ላይ፣ አንድ ባለ 18 ጎማ በግራችን አለፈ።

ካምፐሩ መጀመሪያ ወደ ከባድ መኪናው ሳብ አለ። ከዚያ ወደ ቀኝ ተመለሰ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ከፊተኛው ሰፋ አድርጎ። በሦስተኛው ፒክአፑን የሚነዳው ካምፐሩ ሆነ፤ በቀኝ መስታወት ሙሉ ጎኑ፣ መስኮቱ፣ መጋረጃው ሳይቀር ታየኝ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልወጣትም። እጇን ወደ ኋላ ልካ የትንሿን ልጃችንን ጉልበት ያዘች።

እግሬ ፍሬን ሊረግጥ ሲሄድ ከለከልኩት። በዚያ ሰዓት ፒክአፑን ብይዘው ካምፐሩ ከኋላ ገፍቶ ያጣጥፈናል። ነዳጁን ለቀቅኩ፤ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ ማንሻ በጣቴ ገፋሁ። የካምፐሩ ፍሬን ብቻውን ሲይዝ ከኋላ እንደ ተጎተተ ገመድ ወጠር አለና ቀጥ አለ። አርሊንግተን መውጫ ላይ ስቆም እጄ ከመሪው አልላቀቅ አለኝ።

ውሃውን እዚያው አፈሰስኩ። ቀድሞ እንዴት ተጭኖ እንደነበር ስለማውቅ ሮሊንስ ስንደርስ ሳጥኑንም ብስክሌቱንም ሳላነሣ፣ ታንኩን መልሼ ሞልቼ ትራክ ስቶፕ ሚዛን ላይ አወጣሁት። ኳሱ ላይ የሚያርፈው ከ500 ፓውንድ በታች ነበር፤ ከካምፐሩ ክብደት 7 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከጎማው በስተኋላ የተከመረ ክብደት አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ ጫፉ ላይ ድንጋይ እንደታሰረበት ዱላ ነው፤ የራሱ ክብደት ይወስደዋል። ኳሱ ላይ በቂ ጭነት ሲኖር ግን ካምፐሩ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በ50 ማይል ዝም ያለ ካምፐር በ70 ሊነሣ ይችላል። ለዚህ ነው «እስካሁን ምንም አልሆንኩም» የሚለው ማስረጃ የማይሆነው።

እዚህ ላይ ነው የጽሑፉ ሁለቱ ምክሮች እርስ በርስ የሚያያዙት። ዕቃውን ወደ ፊት ብጭነው ፒክአፑ ከሚችለው በላይ ይሸከማል። ወደ ኋላ ብጭነው ካምፐሩ ይወዛወዛል። ወደ ኋላ መጫን የመሸከም ችግሩን አይፈታውም፤ ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ። በሁለቱም በኩል መውጫ ሲጠፋ መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ ያ ካምፐር ለዚያ መኪና ከባድ ነው። ይህን ለመቀበል እኔ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶብኛል፤ ገንዘብ ወጥቶበታልና።

ሦስተኛ፣ ጸሐፊው «ክብደት አከፋፋይ ሂች ከገዛችሁ ይህ ሁሉ ጭንቀት ያበቃል» ይላሉ። ሂቹን ግዙ በማለታቸው ልክ ናቸው፤ ያለ እሱ ትልቅ ካምፐር በፒክአፕ መጎተት የለበትም። ሁለት ጠንካራ የብረት ዘንጎች ናቸው፤ ተወጥረው ሲታሰሩ ከፒክአፑ የኋላ ጎማ ላይ ክብደት አንሥተው ከፊሉን ወደ ፊት ጎማው፣ ከፊሉን ወደ ካምፐሩ ጎማ ይመልሳሉ። ስንት እንደሚመልሱ ግን ሚዛን ላይ መታየት አለበት።

ካት ስኬል በሚባለው የትራክ ስቶፕ ሚዛን ላይ ወጥቼ ያመጣሁትን ወረቀት አሁንም ጋቢናዬ ውስጥ አለኝ። ከባድ መኪና የምትነዱ ታውቁታላችሁ፤ ሚዛኑ ለየብቻ የሚመዝኑ ተከታታይ መድረኮች ስላሉት የፒክአፑ የፊት ጎማ፣ የኋላ ጎማና የካምፐሩ ጎማ በየመድረካቸው ይቆማሉ። ፒክአፑ ቤተሰቡንና ዕቃውን ይዞ ብቻውን፦ ፊት 3,200፣ ኋላ 3,120። ካምፐሩ ታስሮ፣ ዘንጎቹ ግን ሳይወጠሩ፦ ፊት 2,800፣ ኋላ 4,470። እዩት፤ ኋላው ላይ 950 ብቻ አይደለም የተጨመረው። ኳሱ ከኋላ ጎማው ራቅ ብሎ ስለተቀመጠ ከፊት ጎማውም 400 አንሥቶ ወደ ኋላ አምጥቷል። መሪውን የሚያዞረው፣ አብዛኛውን ፍሬን የሚይዘው የፊት ጎማ ነው፤ እሱ ሲቀልል መኪናው መሪ አይሰማም። በዚያ ላይ በሩ ላይ የተጻፈው የኋላ ጎማ ልክ 4,100 ነው።

ዘንጎቹ ሲወጠሩ ፊት 3,060፣ ኋላ 4,070 ሆነ፤ 140 ወደ ካምፐሩ ጎማ ሄደ። መሪው ወዲያው ነው የተስተካከለው፤ ልዩነቱ እጅ ላይ ይታወቃል። የኋላ ጎማውም ለጥቂት ከልኩ በታች ገባ። ጠቅላላው ግን 7,130 ነው። ፒክአፑ በጠቅላላ ቢበዛ መመዘን ያለበት 7,000 ነው። ሂቹ ሸክሙን ያከፋፍላል፤ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ግን አይቀይረውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሁሉ ለማወቅ ያወጣሁት ገንዘብ አንድ ምሳ አያበላም። አበልጄ ሆይ፣ ቅዳሜ ከመፈረምህ በፊት ቤተሰብህን ጭነህ ፒክአፑን ብቻውን ሚዛን ላይ አውጣው።

ቀጥሎ ጸሐፊው ወገናችንን ያሞግሳሉ። «እኛ ሐበሾች ባለ 18 ጎማ የምንነዳ ሰዎች ነን፤ ካምፐር ለእኛ መጫወቻ ነው» ይላሉ። ሙያችንን ማክበራቸው ደስ ይለኛል፤ ግን እውነት አይደለም። በከባድ መኪና ተሳቢው የሚያርፈው ከሚጎትተው መኪና የኋላ አክስሎች በላይ ነው። ተሳቢው ወደ ጎን ቢገፋ መኪናው ጎማዎቹ ላይ ተቀምጦ ይቋቋመዋል። የካምፐር ኳስ ግን ከኋላ አክስሉ በስተኋላ አራት አምስት ጫማ ወጥቶ ነው ያለው። ካምፐሩ ኳሱን ወደ ጎን በገፋ ቁጥር የፒክአፑን ጭራ እንደ መሪ ያዞረዋል። ዋዮሚንግ ላይ የደረሰብኝ ዘጠኝ ዓመት በከባድ መኪና አንድ ቀን ደርሶብኝ አያውቅም።

ፍሬኑም ይለያል። ባለ 18 ጎማ የፍሬኑ ነፋስ ካለቀ ስፕሪንጉ ራሱ ፍሬኑን ይይዛል፤ መኪናው ወደ መቆም ያደላል። የካምፐር ፍሬን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ሽቦው ከተቆረጠ ወይም ሶኬቱ ከወለቀ ፍሬን የለም። ካምፐሩ ከኳሱ ቢወጣ የመጨረሻዋ ተስፋ አንዲት ቀጭን ገመድ ናት፤ ስትነቀል የካምፐሩን ባትሪ ከፍሬኑ ጋር ታገናኛለች። ባትሪው ሞቶ ከሆነ እሷም ምንም አታደርግም። ክረምቱን ሙሉ ጓሮ የቆመ ካምፐር ባትሪው ይሞታል። ሲዲኤል ያለን ሰዎች በየጠዋቱ ፕሪ ትሪፕ፣ ማለትም የቅድመ ጉዞ ፍተሻ፣ ሳናደርግ አንወጣም፤ ቅዳሜ ከልጆች ጋር ስንወጣ ግን ለምን እንደምንተወው አይገባኝም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምክር ስለዚያው ፍሬን ነው። «የፒክአፑ ፍሬን ትልቅ ስለሆነ የካምፐሩ ባይሠራም ለአጭር መንገድ ችግር የለውም፤ ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ፍሬኑ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብሎ መውረድ ነው» የሚል። በብዙ ግዛቶች ከ3,000 ፓውንድ ጀምሮ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያዛል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1,500 ጀምሮ። የፒክአፑ ፍሬን የተሠራው የራሱን 7,000 ፓውንድ እንዲያቆም ነው። ከኋላው የራሱን ያህል ክብደት እየገፋው መሆኑን ፍሬኑ አያውቅም።

ደግሞ ይህን ምክር የሚያነቡት የት እንደሚኖሩ ይታሰብ። ከዴንቨር በአይ-70 ወደ ምዕራብ የወጣ ሰው አይዘንሃወር ዋሻ ሲደርስ 11,158 ጫማ ላይ ነው። እዚያ ድረስ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ወደ 3 በመቶ ጉልበት እያጣ ስለሚወጣ ሲሦው ጠፍቷል፤ ሾፌሩም ሞተሩም ደክመዋል። ዋሻውን እንዳለፉ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወስደው ቁልቁለት እስከ 7 በመቶ ያዘቀዝቃል። ከመንገዱ ዳር ፍሬን ለበጠሰ መኪና የተሠሩ የጠጠር ማምለጫዎች አሉ። በዚያው አይ-70፣ ከተራራው ወደ ዴንቨር ሲወረድ፣ ሌክዉድ ላይ፣ በኤፕሪል 2019 ፍሬን ያጣ ከባድ መኪና የቆሙ መኪናዎች ላይ ገብቶ አራት ሰው ሞቷል። ከተማችን ነው። ብዙዎቻችን በዚያ ሳምንት በዚያው መንገድ አልፈናል።

እግርን ፍሬን ላይ አድርጎ መውረድ ፍሬኑን የሚያግለው ነው። ሲግል መያዝ ያቅተዋል፤ መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ከዚያ የለም። ዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ወንዙ ስንወርድ የእኔ ሥራ ታኮ ይዞ መወጣጫው ላይ መቆም ነበር፤ መኪናው ቢያቅተው ዘልዬ ወርጄ ጎማው ሥር ላስገባ። ሾፌሩ ጋሼ ነፍሳቸውን ይማርና ከማርሽ ጋር ነበር የሚነጋገሩት፤ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉኝ ነበር። አናቱ ላይ ገና ሳይወርዱ ከባድ ማርሽ ያስገባሉ፤ ሞተሩ እያጓራ ይይዘዋል፤ ፍሬን የሚነኩት አልፎ አልፎ ነው። የዛሬው ፒክአፕ ያንኑ የሚያደርግ ቁልፍ አለው፤ ቶው ሆል ይባላል። ዋሻው ውስጥ እያላችሁ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፣ ማርሹን አውርዱ። ፍጥነቱ ካሰባችሁት ሲያልፍ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ በሰዓት አምስት ማይል ያህል ሲቀንስ ልቀቁት፣ ይቀዝቅዝ። የሲዲኤል መጽሐፍ ውስጥ ያለው ትምህርት ይኸው ነው። ለካምፐሩም ታኮ ይኑራችሁ፤ ከኳሱ ከመፍታታችሁ በፊት ሁለቱም በኩል ይግባ።

ስለ ጎማ የጻፉት አጭር ነው፤ እኔም አላስረዝመውም። «ጥርሱ ካላለቀ ጎማው ደህና ነው» ይላሉ። ካምፐር ብዙ ዓመት ይቆማል፣ ጥቂት ማይል ይሄዳል፤ ጎማው የሚያረጀው በመሄድ ሳይሆን በፀሐይና በመቆም ነው። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2318 ማለት የ2018 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት፣ በፈረንጆቹ። ሌላ ካልተጻፈበት በቀር አብዛኛው የተሳቢ ጎማ የተሠራው በሰዓት እስከ 65 ማይል ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ለሚጎትት ሁሉ 55 ነው የምትፈቅደው።

ስለ መንጃ ፈቃድ የጻፉት ትክክል ነው፤ ለእንዲህ ያለ የቤተሰብ ካምፐር ሲዲኤል አያስፈልግም።

መጨረሻ ላይ ጸሐፊው «ትልቁን ግዙ፤ ትንሹን የገዛ ሰው በዓመቱ ተጸጽቶ ይቀይራል» ብለው ይመክራሉ። እኛ የቀየርነው ከትልቁ ወደ ትንሹ ነው። ከዋዮሚንግ በተመለስን በቀጣዩ መጋቢት ካምፐሩን በኪሣራ ሸጥነው፤ ሙሉ ጭነቱ 5,200 የሚፈቀድለት አንድ ያገለገለ ገዛን። የልጆቹ አልጋ ጠበብ አለ፤ ትልቁ ልጄ በጋውን ሁሉ ውጭ ድንኳን ውስጥ ነው የተኛው፣ ወድዶ። ውሃ የምንሞላው ካምፑ ስንደርስ ነው። ተጭኖ ሚዛን ላይ 4,900 መጣ፤ ኳሱ ላይ 640። ዘንጎቹ ተወጥረው የፒክአፑ ፊት 3,130፣ ኋላው 3,720፣ ድምሩ 6,850። ያቺን ወረቀት ከመጀመሪያዋ ጎን ጋቢናዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፤ አበልጄ ቅዳሜ ከመሄዱ በፊት ዓርብ ማታ ቤቴ መጥቶ ሁለቱንም ያያል።